ለነጋዴ አባትህ በአያት ርስት አትሟገትለት

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ የመጣ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «መምህር፣ አባቴ ቢቸና ላይ እህል ነጋዴ ነው። በታኅሣሥ ጤፍና በቆሎ ገዝቶ ያከማቻል፤ በሐምሌ ይሸጣል። እኔም ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በዚሁ ንግድ ነው። ጓደኞቼ ‹አባትህ የገበሬ ላብ ነው የሚበላው› ሲሉኝ ሦስት መልስ እሰጣለሁ። ሃይማኖታችን የግል ንብረትን ያከብራል፤ ርስት የአባቶቻችን ወግ ስለሆነ ካፒታሊዝም ለጎጃሜ አዲስ አይደለም፤ ሰው በተፈጥሮው ስግብግብ ስለሆነ ሶሻሊዝም አይሠራም። ሦስቱንም ያፈርሱብኛል። ስህተቴ የቱ ላይ ነው? ለመሆኑ ካፒታሊዝም በሞራል የሚቆምበት እግር አለው?»

አለው። አንተ ግን እሱን አላነሳኸውም። ሦስቱም መልሶችህ ወግ አጥባቂዎች ገበያን ሲከላከሉ የሚያነሷቸው ናቸው፤ አንዳቸውም ስለ አባትህ ሥራ አይናገሩም። አንዱ ስለ እግዚአብሔር፣ አንዱ ስለ አያት፣ አንዱ ስለ አዳም ኃጢአት ነው። ጓደኛህ የጠየቀህ ይህ ሰው በታኅሣሥ ያደረገው ነገር ትክክል ነው ወይ ብሎ ነው። ለዚያ መልስ አላገኘም። ከሦስቱ ይበልጥ የሚያጋልጥህ ርስት ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ርስት የግል ንብረት አልነበረም። በጎጃም ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም ቆጥሮ ድርሻ የሚጠይቅበት የትውልድ መብት ነው። አንድ ገበሬ በአያቱ በኩል እዚህ ሁለት ቃዳ፣ በቅድመ አያቱ በኩል ወንዝ ማዶ አንድ ቃዳ ያርሳል፤ ነገ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ትውልዱን ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አስመስክሮ፣ ከዚያችው ላይ ተካፍሎት ይሄዳል። ያረሰው፣ ድንጋይ የለቀመው፣ እርከን የሠራው ሰው ከተወለደው አይበልጥም። ለባዕድ መሸጥማ አይታሰብም። ካፒታሊዝም የሚጠይቀው የዚህን ግልባጭ ነው፤ የማን ልጅ ነህ ሳይሆን ምን ሠራህ፣ ከማን ጋር በምን ተስማማህ። ርስትን «የእኛ ካፒታሊዝም» ያልክ ዕለት፣ የአገሩን የመሬት ታሪክ ትንሽ ያነበበ ሁሉ ይዘርርሃል።

ይልቅ ያ ወግ የአባትህን ሥራ በምን ዓይን ያየው እንደነበር ጠይቅ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከጎጃም ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ባሶ ነበር፤ ዛሬ ባሶ ሊበን በምንለው፣ ከዓባይ መሻገሪያ ከፍ ብሎ። ከጊቤ አገሮች ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱ ይመጣል፤ በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር ይገበያያል። ንግዱን በብዛት የያዙት ሙስሊሞች ነበሩ፤ ርስት ስለማይደርሳቸው ከእርሻ ውጭ ያለው መተዳደሪያ ሁሉ ለእነሱ ተትቶ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውም እንደዚያው። ገበሬው ማረሻውን የሚያሾልለትን ሰው «ቡዳ ነው» ብሎ ከማዕድ ያርቀዋል፤ ሲመሽ ደግሞ ማረሻውን ይዞ ደጁ ይቆማል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ የሥርዓት ጉድለት ስለነበር አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ ስለነበር ነው። የዚያ ወግ የሀብት ትምህርት በአንድ ተረት ተቀምጧል፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ሀብት ከሹመት ይመጣል፣ ሹመትም ለመብል ነው። ይህን ወግ ጠርተህ ለነጋዴ አባትህ ምስክር ልታቆመው ነው? ይመሰክርበታል እንጂ።

አደራ፣ ይህን ስል ርስትን አላሾፍበትም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን አላስገባም ብሎ አመጸ፤ መንግሥት ጦርም አውሮፕላንም አዘመተ፤ በመጨረሻ ውዝፉን ምሮ አፈገፈገ። የሞጣው አያቴ ያንን ዘመን ሲያወሩ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። የሚያወሩት ስለ ግብሩ ብዛት አልነበረም። ስለ ገመዱ ነበር፤ ሰው ሳያስፈቅድ ማሳቸው ላይ ስለተዘረጋው የመለኪያ ገመድ። እዚያ ውስጥ እውነተኛ የሞራል ጥያቄ አለ፤ «ሳትጠይቀኝ የእጄን አትንካ» የሚል። ያ ጥያቄ ግን በርስት የሚወሰን አይደለም፤ ርስት የሌለው ሸማኔም ሊለው ይገባው ነበር፣ አባትህም ይለዋል። ወጉን ትተህ ጥያቄውን ውሰድ።

የሃይማኖቱን መልስ በአጭሩ ልለፈው። ጥቅስ በጥቅስ መወራወር ከጀመርክ ማቆሚያ የለውም። አንተ ጴጥሮስ ሐናንያን «ሳትሸጠው ያንተ አልነበረምን?» ማለቱን ስትጠቅስ፣ ጓደኛህ አንድ ምዕራፍ ወደኋላ ተመልሶ አማኞች ሁሉን በጋራ ማድረጋቸውን ያነብልሃል፤ ከዚያ ግመሉና የመርፌው ቀዳዳ ይመጣሉ። ፍትሐ ነገሥቱ በወለድ ማበደርን የሚከለክል ስለሆነ ባንክ ውስጥ ለሚሠራው የአጎትህ ልጅ ሌላ ክርክር ልትፈልግለት ነው። በዚያ ላይ አባትህ እህሉን የሚሸጠው ለአንድ ሃይማኖት ሰው ብቻ አይደለም። ሃይማኖት ባለሀብቱን በሀብትህ ምን አደረግህበት ብሎ ይጠይቀዋል፤ ይጠይቀውም። የግብይቱ ትክክለኛነት ግን ለማያምነውም በሚገባ ምክንያት መቆም አለበት።

ሦስተኛው፣ የስግብግብነቱ መልስ፣ ብልህ ይመስላል፤ ሦስቱንም መልሶች የሚያረክሰው ግን እሱ ነው። «ሰው ክፉ ስለሆነ ሶሻሊዝም አይሠራም» ስትል ሳታውቀው ሶሻሊዝም ለቅዱሳን የተገባ፣ ካፒታሊዝም ለእኛ ለርኩሳን የተሠራ በረት ነው እያልክ ነው። አባትህንም ከርኩሳኑ ቆጥረኸዋል። ጓደኛህ «እንግዲያው ክፉውን ነጋዴ የሚቆጣጠር መንግሥት ያስፈልጋል» ቢልህ ምን ትላለህ? መንግሥቱም ሰው ነው ትለዋለህ፤ ልክ ነህ፤ ግን ያ ሥልጣንን ስለ መገደብ የሚነሳ ክርክር ነው፣ ስለ ንግድ ጨዋነት አንድ ቃል አይልም።

ይህ ጠብ የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ1960 እ.ኤ.አ. ሁለት ሰዎች፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ፣ በዚያው ዓመት ከወግ አጥባቂዎች ጋር መለያየታቸውን በይፋ ተናገሩ። አንዷ ደራሲዋ አይን ራንድ ናት። በ1905 ፒተርስበርግ ተወልዳ፣ የአባቷ መድኃኒት ቤት በቦልሼቪኮች ሲወረስ ያየች። (የእኛ ከተሞች ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ሲወረስ ያዩ ልጆች ምን ጻፉ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።) እሷ ያለችው፣ ካፒታሊዝምን በእምነት፣ በወግና በሰው ክፋት የሚከላከሉለት ሰዎች ከጠላቶቹ ይልቅ ጎድተውታል ነው፤ ያንተኑ ሦስት መልሶች ማለት ነው። ሁለተኛው የኢኮኖሚ ሊቁ ፍሪድሪክ ሃየክ ነው፤ ወግ አጥባቂ የሚያውቀው ፍሬን መያዝ ብቻ ነው፣ ወዴት መሄድ እንዳለብን አይነግረንም አለ። ከዚህ አልፎ ግን ሁለቱ አይስማሙም። ራንድ ገበያ ለሚገባው የሚገባውን ይሰጣል ትላለች። ሃየክ አይሰጥም ይላል፤ ገበያ የሚከፍለው ሥራህ ለሌላው ሰው ለሚሰጠው ዋጋ እንጂ ለልፋትህ ወይም ለቅንነትህ አይደለም። ለዚህ ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን አሜሪካዊው ጸሐፊ ኢርቪንግ ክሪስቶል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጠንከር ያለ መልስ ሰጠ፦ ሀብት ከጨዋነት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ብላችሁ ለሕዝብ ከነገራችሁት፣ ሕዝቡ ያንን ሥርዓት እስከ መቼ ይታገሠዋል?

የክሪስቶልን ጥያቄ አክብረው፤ ከወግ አጥባቂው ጓዳ የወጣ ምርጡ ጥያቄ እሱ ነው። እኔ ግን በዋጋው ነገር ከሃየክ ጋር ነኝ። ባለፈው ዓመት በቆሎ የዘራው ገበሬ ዋጋ ስለወደቀ ኃጢአተኛ አልሆነም፤ ጤፍ የዘራው ጎረቤቱም ዋጋ ስለወጣ ጻድቅ አልሆነም። ስለዚህ «አባቴ ስለሚገባው ነው የከበረው» አትበል። ማለት ያለብህ ሌላ ነው፤ ወደሱ ልምጣ።

ቅዳሜ ገበያ ሂድና አንድ ግዢ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልከት። ገበሬው ሁለት ጆንያ ጤፍ በአህያ ጭኖ መጥቷል። ነጋዴው ጆንያውን በሹል ቱቦ ወግቶ ከመሐሉ እፍኝ ያወጣል፣ በመዳፉ ዘርግቶ እፍ ይልበታል፣ አፈርና ገለባውን ያያል፣ ማኛ ነው ሰርገኛ ይከራከራል። ዋጋ ይጠራል። ገበሬው ራሱን ነቅንቆ አህያዋን መለስ ያደርጋታል፤ ወደሚቀጥለው ነጋዴ ሦስት እርምጃ ይሄዳል። ነጋዴው ሃምሳ ብር ጨምሮ ይጠራዋል። የካፒታሊዝም የሞራል መሠረት ያ የሦስት እርምጃ ጉዞ ነው። ገበሬው እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ በማለቱ ማንም አይገርፈውም፣ ከርስቱ አይነቅለውም፣ «ፀረ ሕዝብ» ብሎ አይመዘግበውም። በጉልት ዘመን ባላገሩ ለባለጉልቱ፣ ግብሩን እንዲበላ ለተሾመበት ጌታ፣ እህል ሲሰፍር ሦስት እርምጃ የሚሄድበት አልነበረም። በደርግ ዘመንም ኮታውን በተተመነለት ዋጋ ለመንግሥት እህል ገዢ ድርጅት ሲያስረክብ አልነበረም። «በዝባዥ» የሚለውን ቃል ለሦስቱም እኩል የሚጠቀም ሰው ዋናውን ነገር አላየም።

ከፈቃድ ቀጥሎ ያለው የድካም ፍሬ ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ አትሂድ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ነው። ስለ መሬት ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ከዚያ በፊት ያለውን ንዑስ አንቀጽ ግን ብዙ ሰው አያነበውም። የግል ንብረት ማለት ዜጋው በጉልበቱ፣ በፈጠራው ወይም በካፒታሉ ያፈራው ነው ይላል። ከዘር የሚመጣ አላለም፣ ከሹመት የሚገኝ አላለም። ካፒታሊዝምን በሞራል የሚከላከል ሰው ከዚህ የተሻለ ትርጉም አይጽፍም፤ የሚገርመው ያረፈበት ቦታ ነው። ያለዚህ ትርጉም ምን እንደሚመጣ ደግሞ አይተናል። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በተደረገው የመሬት ድልድል «ቢሮክራት» የተባለ ሰው ከጎረቤቱ ያነሰ ይዞታ ተተወለት። ምን ሠራ ተብሎ በግሉ አልተጠየቀም፤ ስም ተሰጠው፣ በስሙ ተቆረጠለት።

ሦስተኛው ኃላፊነት ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው አሲዳማ መሬቱ እህል እምቢ ሲለው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘመድ ዛፍ ተከለ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ዘርቶ፣ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል አክስሎ፣ መሬቱ ሲያገግም እንደገና እህል ዘራበት። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ተጫነ። ትከል ብሎ ኮታ የጣለበት አልነበረም። በኋላ ዛፉን በሽታ መታው፤ ኪሳራውም የራሱ ሆነ። ትርፉም ጥፋቱም በገዛ ውሳኔው የመጣ አዋቂ ሰው ሆኖ መኖር ማለት ይህ ነው። ገበያ አያከስርም ብሎ የሚሰብክልህን ግን አትስማ።

አሁን ወደ ታኅሣሡና ሐምሌው እንምጣ፤ ጓደኞችህ የያዙህ እዚህ ላይ ስለሆነ። እህል ማከማቸት ሥራ ነው። በታኅሣሥ ሁሉም አጭዶ ወቅቶ ገበያ ስለሚያወጣ እህል ይረክሳል፤ በሐምሌ ጎተራ ይጎድላል። የታኅሣሡን እህል ተሸክሞ ለሐምሌ የሚያደርሰው ሰው ባይኖር ታኅሣሥ ላይ ዋጋው ይባስ ይወድቅ፣ ሐምሌ ላይ ይባስ ይወጣ ነበር። በቆሎ ከሆነ ነቀዝ አለ፤ ጤፍ አይነቅዝም፣ ግን ሰኔ ላይ ዋጋ ሊወርድ ይችላል፣ ብሩም ሰባት ወር ታስሮ ይከርማል። ገበሬው ለምን በታኅሣሥ ይሸጣል ብለህም ጠይቅ። የማዳበሪያ ዕዳና ግብር የሚጠየቀው በዚያን ሰሞን ስለሆነ ነው። አጣዳፊውን ቀን የቆረጠው አባትህ አይደለም። የመክፈያው ቀን ሁለት ወር ቢገፋ ኖሮ ያ ገበሬ እህሉን ጎተራ አስቀምጦ የራሱ አከማቺ መሆን ይችል ነበር፤ ጓደኞችህ ተራማጅ ከሆኑ ሰልፉን እዚያ ላይ ያድርጉት።

ይህ ሁሉ ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑን ቀድመህ አንተው ካልተናገርክ ክርክሩ አያምርብህም። ባሶ ላይ ከቡናውና ከዝባዱ ጎን ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ተፈንግለው የመጡ ልጆች። ሻጭና ገዢው በዋጋ ተስማምተዋል፤ የተሸጠው ልጅ ግን ሦስት እርምጃ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ገበያ መኖሩ ብቻ ምንም አያጸድቅም። በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ጊዜም እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ይጫን ነበር፤ የተራበው ሰው የሚገዛበት ብር ስላልነበረው። ገበያ የሚሰማው ብር የያዘን ድምፅ ነው። ለዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ገበያውን ማጥፋት ሳይሆን የተራበው እጅ ላይ ገንዘብ ወይም እህል ማድረግ ነው፤ ያ የመንግሥትም የጎረቤትም ግዴታ ነው፣ ለዚህ የሚከፈል ግብርም ዝርፊያ አይደለም። ራንድን ያነበቡ ወጣቶች እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ይጣላሉ፤ ይጣሉ። ራስ ወዳድነትን ቅድስና ማድረጓን ካልተቀበልኳቸው ነገሮች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ደቦና ወንፈል ባሳደገው አገር ደግሞ የሚሰማውም የለም።

ሌላ ጥንቃቄ፦ ዛሬ በዙሪያህ የምታየውን ሁሉ ካፒታሊዝም ብለህ አትከላከል። መሬቱን በዘመድ ያገኘው፣ ማዳበሪያውን ከመጋዘን በጓሮ በር አውጥቶ በእጥፍ የሚሸጠው፣ ፈቃዱን በጉቦ ያገኘው ሰው የድሮው ሲሾም የሚበላ ሰው ነው፤ ልብሱን ብቻ ቀይሯል። አዳም ስሚዝም ቢሆን የገበያ ሃይማኖተኛ አልነበረም፤ ግላስጎው ላይ የሞራል ፍልስፍና መምህር ነበር። በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ የአንድ ሙያ ነጋዴዎች ለጨዋታ እንኳ ሲገናኙ ወሬያቸው ሕዝቡ ላይ ወደ ማሴር እንደሚያመራ አስጠንቅቋል። እህል ነጋዴዎች ቅዳሜ ጠዋት ቡና ላይ «ዛሬ ከዚህ በላይ አንገዛም» ከተባባሉ፣ ገበሬው የሚሄደው ሦስት እርምጃ ባዶ ጉዞ ሆነ ማለት ነው።

ምክሬ ይኸው ነው። ርስቱን፣ ጥቅሱንና የሰውን ክፋት ከክርክርህ አውጣቸው፤ «ካፒታሊዝም አገር ያሳድጋል» የሚለውንም ሁለተኛ ረድፍ ላይ አስቀምጠው፤ እውነት ነው፣ ግን የገበሬው ላብ ተበልቷል ለሚልህ ሰው የዕድገት ወሬ መልስ አይሆነውም። በፈቃድ፣ በድካም ፍሬና በኃላፊነት ብቻ ቁም። ከዚያ በፊት ግን አባትህን ሦስት ነገር ጠይቀው፤ በአክብሮት፣ ማታ እራት ላይ። ሐምሌ ላይ ለተቸገረ ገበሬ ብር አበድሮ ገና ያልታጨደ እህሉን በግማሽ ዋጋ ያዋውላል ወይ? እሱ ንግድ አይደለም፣ አራጣ ነው፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው ነው። ከሌሎቹ ነጋዴዎች ጋር የቅዳሜን ዋጋ ይስማማል ወይ? ሚዛኑስ? ለሁለቱ ቃሉን ልታምነው ትችላለህ። ሚዛኑ ላይ ግን ራስህ ውጣበት፤ ኪሎህን ታውቀዋለህ።